የጤና መድን የሌለውን ታካሚ በርቀት ምክክር ከስፔሻሊስት ጋር ማገናኘት፦ ዝርዝር መመሪያ

የጤና መድን ለሌለው ሰው የሪፈር ወረቀት ብዙ ጊዜ ሕክምናው የሚቆምበት ቦታ ነው። ወረቀቱን ይዞ ይወጣል፣ የካርድና የምርመራ ክፍያውን ሲሰማ ይቀራል፣ ሕመሙ ሲብስበት በድንገተኛ ክፍል በር ይመለሳል። ከእነዚህ ሪፈሮች ብዙዎቹ ግን ስፔሻሊስቱ ታካሚውን በእጁ ሳይነካ ሊመልሳቸው የሚችላቸው ጥያቄዎች ናቸው። መመሪያው እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን ለሚያዩ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ነርሶችና አስተባባሪዎች ነው።

ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ነገር አለ። ታካሚው ሊከፍለው የማይችለው ምክር፣ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ለእሱ ምክር አልሆነም። ስለዚህ የታካሚው አቅም የሕክምና መረጃው አካል ሆኖ ጥያቄው ውስጥ መጻፍ አለበት። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

ሦስቱ የምክክር መንገዶች

የመጀመሪያው የጽሑፍ ምክክር ነው። አካሚው ሐኪም ጥያቄውን ከምርመራ ውጤትና ከፎቶ ጋር ይልካል፣ ስፔሻሊስቱ ጊዜ ሲያገኝ ይመልሳል። ሁለተኛው በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚደረግ የቀጥታ ምክክር ነው። ሦስተኛው ብዙ ክሊኒኮች ከስፔሻሊስቶች ቡድን ጋር በቋሚ ሰዓት ተገናኝተው ጉዳዮችን የሚወያዩበት የጋራ መድረክ ነው።

መድን ለሌለው ታካሚ በጽሑፉ ጀምሩ። ታካሚው ከሥራ አይቀርም፣ የመጓጓዣ ወጪ የለበትም፣ ደካማ ኢንተርኔትም አያደናቅፈውም። በበጎ ፈቃድ የሚያገለግለው ስፔሻሊስትም በቀን ለቪዲዮ ጥሪ የማያገኘውን 15 ደቂቃ ማታ ሊያገኝ ይችላል።

መንገዱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በባንግላዴሽ የሚገኝ የአካል ጉዳተኞች ማገገሚያ ማዕከል በዲጂታል ካሜራና በኢሜይል ብቻ በውጭ አገር ካሉ ስፔሻሊስቶች ጋር ተገናኝቶ ነበር፤ ያገናኘው ስዊንፈን የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሳን ፍራንሲስኮ ጠቅላላ ሆስፒታል እያንዳንዱን ሪፈር ቀጠሮ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ስፔሻሊስት እንዲያነበው የሚያደርግ አሠራር ጀመረ። የጋራ መድረኩን በተመለከተ ደግሞ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመሩት ፕሮጀክት ኤኮ ጥሩ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት 407 የሄፓታይተስ ሲ ታካሚዎች ተካተዋል፤ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ ከታከሙት 57.5 በመቶ፣ በመድረኩ እየተመከሩ በየአካባቢያቸው ሐኪም ከታከሙት 58.2 በመቶ ከቫይረሱ ነጻ ሆነዋል። በአግባቡ የተመከረ ጠቅላላ ሐኪም ከስፔሻሊስቱ የሚስተካከል ሕክምና መስጠት እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

ደረጃ 1፦ የሪፈር መዝገባችሁን አንብቡ

ያለፉትን ሦስት ወራት ሪፈሮች አውጡና ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ወደ የትኛው ክፍል ተላከ፣ ታካሚው ሄደ ወይስ ቀረ፣ ከሄደስ መልስ መጣ ወይ። ብዙ ሪፈር ያለባቸውንና ብዙ ሰው የሚቀርባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎች ምረጡ። በአንዴ በአሥር የሕክምና ዘርፍ የሚጀምር ክሊኒክ ሥራው ገና ሳይለመድ ይበተንበታል።

ለጽሑፍ ምክክር የሚመቹት ውሳኔያቸው በታሪክ፣ በላቦራቶሪና በምስል ላይ የሚቆም ዘርፎች ናቸው፦ የቆዳ ሕክምና፣ የሆርሞንና የስኳር፣ የኩላሊት፣ የደም፣ የመገጣጠሚያ፣ የተላላፊ በሽታ፣ እንዲሁም የኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) እና የደም ግፊት መድኃኒት ጥያቄ ሲሆን የልብ ሕክምና። ቀዶ ሕክምናና አንገት በላይ ብዙ ጊዜ እጅና መሣሪያ ይፈልጋሉ፤ በእነሱ በኩል ምክክሩ የሚጠቅመው ከቀጠሮው በፊት የሚሠራውን ለማዘጋጀት ነው።

ደረጃ 2፦ ከስፔሻሊስቱ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ

ጡረታ የወጡ፣ በማስተማሪያ ሆስፒታል የሚሠሩና በሙያ ማኅበራት በኩል በጎ ፈቃደኛ የሆኑ ስፔሻሊስቶችን ጠይቁ። ለአንድ ዘርፍ ሁለት ሰው ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲታመም ወይም ሲጓዝ ሥራው እንዳይቆም። «ስትችሉ እርዱን» የሚል የቃል ስምምነት ጥቂት ቆይቶ ይከስማል። ከአንድ ገጽ በማይበልጥ ሰነድ ላይ እነዚህን አስፍሩ፦

– በሳምንት የሚቀበለው የጥያቄ ብዛት። ከ3 እስከ 5 ጥሩ መነሻ ነው። አንድ በደንብ የተጻፈ ጥያቄ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል።
– የመልስ ጊዜ። ለመደበኛ ጥያቄ 3 የሥራ ቀን፣ ለአፋጣኝ 24 ሰዓት።
– ኃላፊነት። ታካሚውን የሚያክመውና መድኃኒት የሚያዘው የእናንተ ሐኪም ነው፤ ስፔሻሊስቱ የሚመክረው በተላከለት መረጃ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ነው።
– ፈቃድና የሙያ ኃላፊነት ዋስትና። በብዙ አገሮች ሐኪም ታካሚውን በቀጥታ የሚያክም ከሆነ ታካሚው ባለበት ቦታ የሚሠራ ፈቃድ ይጠየቃል። ሐኪም ለሐኪም የሚሰጠው ምክር ግን በተለየ ሕግ ሊታይ ይችላል። የአካባቢያችሁን ተቆጣጣሪ አካል ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ደረጃ 3፦ መላኪያውን አዘጋጁ

ለዚህ ሥራ የተሠራ ሥርዓት ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። ከሌላችሁ የምትመርጡት መንገድ ቢያንስ አራት ነገር ያሟላ፦ መረጃው በጉዞም በማከማቻም የተመሰጠረ ይሁን፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መለያና ባለ ሁለት ደረጃ መግቢያ ይኑረው፣ ማን መቼ ምን እንዳየ ይመዝገብ፣ ጥያቄና መልሱ ወደ ታካሚው ካርድ መገልበጥ ይቻል።

በግል ስልክ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም መላላክ ፈጣን ስለሆነ ብዙዎች በዚያ ይጀምራሉ። ችግሩ ምስጠራው ብቻ አይደለም። ፎቶው በስልኩ አልበም ይቀራል፣ ከዚያ ሳይታወቅ ወደ ግል የኢንተርኔት ማከማቻ ይገለበጣል፣ መልሱ ደግሞ ካርዱ ላይ ሳይጻፍ በውይይት መሃል ይጠፋል። ከስድስት ወር በኋላ መድኃኒቱ ለምን እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ ለሥራው ብቻ የሚያገለግል ስልክ መድቡ፣ ራሱ የሚገለብጠውን ማከማቻ አጥፉ፣ በስም ፈንታ የካርድ ኮድ ተጠቀሙ፣ ፎቶው ላይ የሚመዘገበውን የቦታ መረጃ ከካሜራው ቅንብር ዝጉ፣ መልሱንም በዚያው ቀን ካርዱ ላይ ጻፉ።

የታካሚውን ፈቃድ በሚገባው ቋንቋ ጠይቁ፦ ምን እንደሚላክ፣ ለማን እንደሚላክ፣ የሚያስከፍለው ነገር እንዳለ ወይም እንደሌለ፣ እምቢ ቢል ሕክምናው እንደማይቋረጥ። ወረቀት አልባ ስደተኞች መረጃቸው ወደ መንግሥት አካል ይሄዳል ብለው ሊሰጉ ይችላሉ። ሳይጠይቋችሁ ቀድማችሁ መረጃው የት እንደሚደርስና የት እንደማይደርስ ንገሯቸው፤ ያልሆነ ተስፋ ግን አትስጡ።

ደረጃ 4፦ ጥያቄውን መጻፍ

መልሱ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። «የታይሮይድ ችግር ያለባት ታካሚ አለችኝ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ የጻፈ ሐኪም «ወደ ስፔሻሊስት ላኳት» የሚል መልስ ያገኛል፤ ስፔሻሊስቱም ከዚህ ሌላ ሊል የሚችለው ነገር የለም።

በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ፦

መጀመሪያ ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር። አንድ ጥያቄ፣ ቢበዛ ሁለት። ቀጥሎ ዕድሜ፣ ጾታ፣ እርግዝና ወይም ማጥባት። ከዚያ የሕመሙ ታሪክ ከጊዜው ጋር፣ የምርመራ ግኝታችሁ፣ አለመኖራቸውን ያረጋገጣችኋቸው ምልክቶች። የተሞከረው መድኃኒት ከመጠኑና ከቆየበት ጊዜ ጋር፤ «መድኃኒት ተሞክሮ አልሠራም» ማለት ምንም አለመጻፍ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ከቀኑ፣ ከመለኪያውና ከላቦራቶሪው መደበኛ ወሰን ጋር። አለርጂና የኩላሊት ሁኔታ። የእናንተ ግምት። መጨረሻ ላይ የአቅም ክፍል።

መለኪያውን በቸልታ አትለፉት። ክሪያቲኒን 1 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለት 88.4 ማይክሮሞል በሊትር ነው፤ የስኳር መጠን 1 ሚሊሞል በሊትር ደግሞ 18 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። መለኪያ የሌለው ቁጥር ከሌላ አገር ለሚያነብ ስፔሻሊስት ሌላ በሽታ ሊመስለው ይችላል።

የአቅም ክፍሉ አራት መስመር ይበቃዋል፦ እዚሁ የምንሠራቸው ምርመራዎች፣ ታካሚው ከፍሎ ሊያሠራቸው የሚችላቸው፣ ልናገኛቸው የምንችላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር፣ ታካሚው ለክትትል በየስንት ጊዜው መምጣት እንደሚችል።

በደንብ የተጻፈ ጥያቄ ይህን ይመስላል (ግሬቭስ የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ከመጠን በላይ እንዲያመርት የሚያደርግ በሽታ፣ ሜቲማዞል ምርቱን የሚቀንስ መድኃኒት፣ ቲኤስኤችና ፍሪ ቲ4 የታይሮይድ የደም ምርመራዎች ናቸው)፦

«ጥያቄ፦ የታይሮይድ ስካን ሳይሠራ ሜቲማዞል መጀመር እንችላለን? የ34 ዓመት ሴት፣ የእርግዝና ምርመራ ኔጌቲቭ፣ አታጠባም። 5 ወር የቆየ የልብ ምት መፍጠን፣ መንቀጥቀጥ፣ 5 ኪሎ መቀነስ። የልብ ምት 104፣ ደም ግፊት 128/70፣ ትኩሳት የለም። እንቅርቱ ሁለቱንም ጎን ይዟል፣ ሲነካ አያምም፣ እባጭ አይዳሰስም፤ ዓይኖቿ ትንሽ ወጣ ብለዋል፣ የማየት ለውጥ የለም። ቲኤስኤች 0.02 ሚሊ ዩኒት በሊትር፣ ፍሪ ቲ4 ከላይኛው ወሰን 1.8 እጥፍ፣ ሁለቱም ካለፈው ሳምንት። አስም የለባትም፣ ፕሮፕራኖሎል 20 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ጀምረናል። ግምታችን ግሬቭስ ነው። አቅም፦ ስካኑን መክፈል አትችልም። ሙሉ የደም ቆጠራና የጉበት ምርመራ እዚሁ እንሠራለን። ሜቲማዞል እናገኛለን። በየ4 ሳምንቱ መምጣት ትችላለች።»

ለዚህ ጥያቄ ስፔሻሊስቱ የሚሠራበት መልስ መስጠት ይችላል። የ5 ወሩ ቆይታ፣ ሁለቱንም ጎን የያዘው እንቅርትና የዓይኑ ምልክት ወደ ግሬቭስ ይመራሉ፤ በታይሮይድ ብግነት የሚመጣው የሆርሞን መብዛት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያህል አይቆይም። ጥርጣሬ ቢኖረው ከስካኑ ይልቅ የቲኤስኤች ሪሴፕተር አንቲቦዲ የደም ምርመራ ሊመርጥ ይችላል። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የደም ቆጠራና የጉበት ምርመራ ይጠይቃል። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ መድኃኒቱን አቁማ በዚያው ቀን ነጭ የደም ሴሏ መቆጠር እንዳለበት፣ ለማርገዝ ካሰበችም አስቀድማ መናገር እንዳለባት ያሳስባል። የአቅም መስመሩ ባይኖር መልሱ «ስካን ይሠራ» ብሎ ያበቃ ነበር።

ደረጃ 5፦ ፎቶ፣ ኢሲጂና ኤክስሬይ

የቆዳ ፎቶ ቢያንስ ሦስት ነው፦ ሽፍታው የተሰራጨበትን የሚያሳይ ከሩቅ፣ የሰውነት ክፍሉን የሚያሳይ ከመካከለኛ ርቀት፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር የቀረበ ከጎኑ ማስመሪያ ያለበት። ከቆዳው ከፍ ያለ ነገር ከሆነ ከጎን የተነሣ አራተኛ ጨምሩ። ሌንሱን ጥረጉ፣ ፍላሹን አጥፉ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በሌለበት መስኮት አጠገብ አንሡ፣ ከጀርባ አንድ ቀለም ያለው ጨርቅ አድርጉ፣ ስክሪኑ ላይ ቁስሉን ነክታችሁ ጥራቱ እስኪስተካከል ጠብቁ። ፎቶው ከደበዘዘ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ስልኩ ከሚችለው በላይ መጠጋቱ ነው፤ ትንሽ ራቅ ብላችሁ አንሡና ስፔሻሊስቱ ራሱ ያጉላው።

በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በፎቶ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ እጃችሁ ያገኘውን ጻፉ፦ ይሞቃል ወይ፣ ወፍሯል ወይ፣ ሲጫኑት ይሰረጉዳል ወይ፣ ይልጣል ወይ። ጥፍር፣ የአፍ ውስጥ፣ መዳፍና ውስጥ እግርንም አይታችሁ ግኝቱን ጻፉ። ለፊትና ለኀፍረተ ሥጋ ፎቶ የተለየ ፈቃድ ጠይቁ፣ ሁለተኛ ባለሙያም ይገኝ።

መልእክት መላኪያ መተግበሪያዎች ፎቶን ጨምቀው ጥራቱን ይቀንሱታል፤ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት።

ኢሲጂውን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግታችሁ ከላይ አንሡ፤ አራቱም ጥጎች ይታዩ፣ ጥላ አይረፍበት። ፍጥነቱ 25 ሚሊሜትር በሰከንድ፣ ከፍታው 10 ሚሊሜትር በሚሊቮልት መሆኑ ይነበብ። የድሮ ኢሲጂ ካለ አብሮ ይሂድ፤ ለውጡ አዲስ ነው ወይ የሚለውን የሚመልሰው እሱ ነው። ለኤክስሬይ ከማሽኑ የወጣው ዋናው የዳይኮም (የሕክምና ምስል) ፋይል ካለ እሱን ላኩ። ከመብራት ሰሌዳ ላይ በስልክ የተነሣ ፊልም ቀጭን የአጥንት ስንጥቅና በሳንባ ዙሪያ ያለ ትንሽ አየር ሊደብቅ ስለሚችል «ምንም የለም» የሚል መልስ አትገንቡበት።

በጽሑፍ የማይጠየቁ ጉዳዮች

እየተሰማ ያለ የደረት ውጋት፣ የፊት መጣመም ወይም ድንገተኛ የክንድ መዛልና የንግግር መተሳሰር፣ የንቃተ ሕሊና መቀነስ፣ ከባድ የትንፋሽ እጥረት፣ ድንገተኛ የዕይታ መጥፋት፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ ሆድ ሲነካ የሚጠነክርበት ሕመም፣ በእርግዝና ጊዜ ደም መፍሰስ፣ ድንገተኛ የዘር ፍሬ ሕመም፣ የእግር መዛል ከሽንት መቋጠር ጋር። እነዚህ መድን ኖረም አልኖረም ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳሉ። ታካሚው ሒሳቡን ፈርቶ «ቆይተን እናማክር» ቢል እንኳ ተስማምታችሁ አትጠብቁ፤ በምን ምክንያት መሄድ እንዳለበት ግልጽ አድርጋችሁ ንገሩት፣ ሆስፒታሉንም ቀድማችሁ ደውሉለት። በዩናይትድ ስቴትስ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ አብዛኞቹ የድንገተኛ ክፍሎች የመክፈል አቅምን ሳያዩ እንዲመረምሩና አደጋውን እንዲያረጋጉ ያስገድዳል፤ በእናንተ አገር ያለውን ተመሳሳይ ደንብ አውቃችሁ ለታካሚው ንገሩ።

ደረጃ 6፦ መልሱ ሲመጣ

አሠራሩ በብዛት የሚሰበረው እዚህ ነው። ጥያቄው ይላካል፣ ጥሩ መልስ ይመጣል፣ መልሱን ታካሚው ዘንድ የሚያደርስ ሰው አይገኝም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ ሥራው የማንም ስላልሆነ ነው። ጥያቄውን የላከው ሐኪም ፈረቃው አልቋል፣ ነርሷ መልስ መምጣቱን አልሰማችም፣ የታካሚው ስልክ ተዘግቷል።

አንድ አስተባባሪ በስም መድቡ፤ ሲቀር የሚተካው ሰውም ይታወቅ። መዝገቡ እነዚህ ዓምዶች ይኑሩት፦ ኮድ፣ የተላከበት ቀን፣ ዘርፍ፣ መልስ የመጣበት ቀን፣ የተመከረው፣ ለታካሚው የተነገረበት ቀን፣ ታካሚው ያደረገው፣ ቀጣይ ቀን። በሳምንት አንድ ጊዜ 30 ደቂቃ ወስዳችሁ ክፍት የሆኑትን ሁሉ አንብቡ። በ3 ቀን መልስ ላልመጣለት ጥያቄ ለስፔሻሊስቱ ማስታወሻ ይላካል፣ በ5ኛው ቀን ወደ ሁለተኛው ስፔሻሊስት ይዛወራል። ጉዳዩ የሚዘጋው መልስ ሲመጣ ሳይሆን ታካሚው የተመከረውን ሲያደርግ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን ሁለት ስልክ ቁጥር ያዙ፣ በስንት ሰዓት መደወል እንደሚመች፣ ሌላ ሰው ቢያነሳ መልእክት መተው ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። ምክሩን ስትነግሩት «ገባህ?» ብላችሁ አትለፉ፤ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድና የትኛው ምልክት ሲመጣ መመለስ እንዳለበት በራሱ አነጋገር ይንገራችሁ።

ከመልሱ ጋር ካልተስማማችሁ ወይም ለዚህ ታካሚ የማይሆን ከሆነ ምክንያቱን ጽፋችሁ መልሱ። «ይህን መድኃኒት አናገኝም፣ ከእነዚህ ሁለቱ የትኛው ይቀርበዋል?» የሚል ጥያቄ ስፔሻሊስቱን አያስቀይምም፤ ቀጣይ መልሶቹን ያቃናቸዋል። ምክሩን ሳትከተሉ ብትቀሩም ምክንያቱ ካርዱ ላይ ይስፈር።

የቀጥታ ጥሪ መቼ

ለአእምሮ ሕክምና፣ አካሄድንና እንቅስቃሴን ማየት ለሚፈልግ የነርቭ ጥያቄ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ለሚደረግ ምክር፣ በጽሑፍ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ላልጠራ ጉዳይ። ታካሚው ክሊኒኩ ውስጥ ሆኖ አንድ ባለሙያ አብሮት ቢቀመጥ ስፔሻሊስቱ «እዚህ ጋ ተጫኑት» ሊል ይችላል። ግንኙነቱን 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ሞክሩ፣ ቪዲዮው ቢቋረጥ በየትኛው ስልክ እንደሚቀጥል ተስማሙ። ታካሚው ከቤቱ በራሱ ስልክ የሚገባ ከሆነ የዳታ ወጪው የእሱ መሆኑን አትርሱ፤ ካስቸገረው በድምፅ ብቻ አድርጉት። አስተርጓሚ ካስፈለገ ልጁ ወይም ዘመዱ አይሁን፤ ታካሚው የሚያፍርበትን ይደብቃል፣ ልጅም ሊሸከመው የማይገባውን ይሰማል።

በአካል መታየት ካለበት

ስፔሻሊስቱ «ላየው ይገባል» ካለ ምክክሩ አልከሸፈም። ከቀጠሮው በፊት የትኞቹ ምርመራዎች ተሠርተው መምጣት እንዳለባቸው ጠይቁትና በርካሽ በሚሠሩበት ቦታ አሠሩ፤ ሁለት ሦስት ቀጠሮ ወደ አንድ ይወርዳል። ክፍያውን አስቀድማችሁ በቁጥር እወቁ፤ የሆስፒታሉን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ስለ ክፍያ ቅነሳና ስለሚያስፈልገው ማስረጃ ጠይቁ፣ ወረቀቱን እናንተው ዘንድ ሞልታችሁ ላኩ። የምክክሩ ጽሑፍ ሙሉ ቅጂ በታካሚው እጅ ይሁን፤ ሌላ ሐኪም ቢያየው ሁሉንም ከመጀመሪያው እንዳያስደግመው።

የምትለኩት

አራት ቁጥር ይበቃል፦ ከጥያቄ እስከ መልስ ያለው ቀን፣ ምክሩ በተግባር የዋለላቸው ታካሚዎች ድርሻ፣ ያለ አካላዊ ቀጠሮ የተቋጩት ድርሻ፣ ቀጠሮ ተይዞላቸው የቀሩት ድርሻ። ሦስተኛውን በጥንቃቄ ያዙት። ከፍ ባለ ቁጥር መደሰት ከተጀመረ መታየት የሚገባው ሰውም በወረቀት መሸኘት ይጀምራል። በየሦስት ወሩ ያለ ቀጠሮ ከተቋጩት አሥር ጉዳዮችን በዕጣ አውጡ፣ ታካሚዎቹን ደውላችሁ ያሉበትን ጠይቁ፣ ጥያቄውንና መልሱን ደግሞ መልሱን ያልጻፈው ስፔሻሊስት ያንብበው። አንዱ እንኳ መታየት ሲገባው የቀረ ሆኖ ከተገኘ በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ይያዝለት፣ የጥያቄ ቅጹም ያ ጉዳይ ያመለጠበትን ነጥብ የሚጠይቅ መስመር ይጨመርበት።